በሟች ካርድ የተወለደ ልጅ

ዘኪያ ጠዋት ጠዋት የምትሠራው አንድ ዓይነት ነው። የክሊኒኩን የብረት በር ትከፍታለች፤ ከጣራው የወረደውን የዝናብ ውኃ ከበርሜል ትቀዳለች፤ መቀሱንና መቆንጠጫውን ድስት ውስጥ ጨምራ ከሰል ላይ ትጥዳለች። ውኃው እስኪፈላ ወለሉን በበረኪና ትወለውላለች። ጁባ ውስጥ ጀበል ተራራ ሥር ያለው ሰፈር በዚያ ሰዓት ገና መንቃቱ ነው። ጎመን ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «ሲስተር፣ ኢታ ኩዌስ?» ይሏታል፤ «ኩዌስ፣ ደህና ነኝ» ትላቸዋለች። በዚያ ማክሰኞም ይህንኑ አደረገች። አግዳሚው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ተቀምጣ ነበር፤ እግሯ አብጦ ጫማው አልገባ ስላላት አውልቃዋለች።

ድስቱ ሳይፈላ የፖሊስ ፒካፕ በሩ ላይ ቆመ።

ከመሪው ሳጅን ክዌት ወረደ፤ ከጎኑ ኢንስፔክተር ክሪስቲን። ክዌት ጋምቤላ ያደገ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ክሪስቲን የደቡብ ሱዳን የቦር ሰዎች ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ አድጋ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ ወደ አገሯ የተመለሰች። ጁባ ላይ ጦርነቱ በተነሣበት ታኅሣሥ ባሏን አጥታለች። ከዚያ ወዲህ ይህ ሁለተኛው የዝናብ ወቅት ነው። ስለ ባሏ ቢሮ ውስጥ ተናግራ አታውቅም፤ እሷ ባለችበትም የሚያነሣው የለም።

«እትዬ ዘኪያ እርስዎ ነዎት?» አለች በአማርኛ።

«ነኝ። ግቢ ልጄ፣ ጭቃውን ተይው፣ እወለውለዋለሁ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። ክሊኒኩን ላሽግ ነው። እርስዎም ከኛ ጋር ይሄዳሉ።»

ዘኪያ መወልወያዋን እንደያዘች ቀረች። «ምን አጥፍቼ?»

«ባለፈው ወር አቾል የምትባል ሴት አዋልደዋል። በባሏ በጆሴፍ የጤና መድን ካርድ።»

«አዋልጃለሁ። ወንድ፣ ጤነኛ።»

«ጆሴፍ የሞተው በታኅሣሡ ጦርነት ነው። ካቻምና።»

ዘኪያ በጣቷ ወራቱን መቁጠር ጀመረች፤ መሃል ላይ ተወችው። «ያ ረቢ» አለች።

አግዳሚው ላይ ያለችው ነፍሰ ጡር ጫማዋን በእጇ ይዛ ተነሣች። «እኔስ?»

«ትልቁ ሆስፒታል ሂጂ» አለቻት ዘኪያ። «ራክሻ ያዢ፣ ባለ ሦስት እግሩን። በእግርሽ እንዳትሄጂ፣ ሰምተሻል?»

ቀድሞ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ የመንግሥት የጤና መድን ፈንድ «አልከፍልም» ይልና ያበቃ ነበር። በቅርቡ የወጣው አዋጅ ግን ለፖሊስ አዲስ ሥልጣን ሰጥቷል፤ ክሊኒክ ማሸግ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰር፣ ወንጀል ብሎ መክሰስ። አዋጁ በከንቱ አልወጣም። ያልታመመ ታከመ፣ ያልመጣ መድኃኒት ተሰጠ እያሉ ፈንዱን ያራቆቱ ብዙዎች ናቸው፤ በነሱ ሰበብ የመምህራን ልጆች ካርድ ይዘው ከሆስፒታል በር ተመልሰዋል። ክሪስቲን ይህን በዓይኗ አይታለች፤ አዋጁንም ደግፋዋለች።

በፈንዱ ደንብ፣ የሟች መንግሥት ሠራተኛ ሚስትና ልጆች በካርዱ ይታከማሉ፤ ሚስቲቱ ሌላ ባል እስካላገባች ድረስ። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነበር። ልጁ የማን ነው? የጆሴፍ ካልሆነ፣ አባት ብላ ጆሴፍን ያስመዘገበችው አዋላጅ ወህኒ ትወርዳለች።

*

«የሆነውን ይንገሩኝ» አለች ክሪስቲን፣ ጣቢያ ደርሰው ሻይ ካስቀረበችላት በኋላ።

«ምጡ ጠንቶባት ነው የደረሰችው። አንድ ረጅም ወጣት በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት አመጣት። አልጋው ድረስ ደግፏት ገባና ወዲያው ወጣ። ስትገላገል ልጁን ጠቅልዬ ወሰድኩለት። ‹እንካ ታቀፈው› ስለው እጁን ወደ ኋላ አደረገ።»

«ፈርቶ?»

«ወንድ ሲፈራ አውቃለሁ፤ እሱ አልፈራም። ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። ‹አባቱ አንተ ነህ?› አልኩት። ‹አይደለሁም፤ አባቱ ጆሴፍ ነው› አለኝ። ‹የታለ ታዲያ?› ስለው ‹እዚህ የለም› አለ። ጦር ሜዳ መሰለኝና አስመዘገብኩ። በዚህ አገር እዚህ የሌለ ባል ስንት ነው?»

ክሪስቲን ብዕሯን አስቀመጠች፤ ከዚያ መልሳ አነሣችው።

«መሞቱን ቢያውቁ ኖሮስ?»

«ባውቅ ምጧን ልመልሰው ነበር? ልጄ፣ እኔ ጅማ ሆኜ ያዋለድኳቸውም፣ እዚህ ያዋለድኳቸውም ሁሉም አባት አላቸው። ማን እንደሆነ እናትየው ትነግረኛለች፤ እኔ አልመረምርም።»

«አሁን ግን መመርመር የኔ ሥራ ሆኗል።»

«እሱማ ታየኝ» አለች ዘኪያ። ሻይውን አልጠጣችውም።

አለቃቸው ኮሎኔል ዘካርያስ ክሪስቲንን ኮሪደር ላይ አገኛት። ትልቅ ሰው ነው፤ ሲስቅ ትከሻው ሁሉ ይስቃል።

«አዋጁን ጥርስ የሌለው አንበሳ ነው እያሉ ይስቁብን ነበር። ይኸው ጥርስ!»

«ጌታዬ፣ አንዲት አዋላጅ ናት።»

«ትልቁ ሌባ ጠበቃ አለው፤ ከትንሹ እንጀምር። እስከ ዓርብ የልጁን አባት ስም አምጪልኝ። ካላመጣሽ መዝገቡ እንዳለ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፣ ሴትዮዋም አብራው።»

*

የክሊኒኩ ባለቤት ረፊቅ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ መድኃኒት ያከፋፍላል። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ካርቶኑ እስከ ጣራ ተደርድሯል። ክዌት ካዝናውን አስከፍቶ በላስቲክ የታሰሩ የመድን ካርዶች አወጣ።

«ማዳም፣ ይዩት! የሰው ካርድ ቁልል!»

«የኔ አይደለም» አለ ረፊቅ።

«ያንተ አለመሆኑንማ ፎቶው ይናገራል። ይቺን ሴትዮ ትመስላለህ?»

«በታኅሣሥ ቤታቸው የተዘረፈባቸው ሰዎች ናቸው። ቤት ማስቀመጥ ፈሩ፤ እኔ ካዝና አለኝ። አማና ነው፣ የአደራ ዕቃ። ሲታመሙ ይወስዱታል፣ ሲድኑ ይመልሱታል።»

«አንተ ደግሞ መሃል ላይ ትታመምላቸዋለህ» አለ ክዌት።

ይህን ሲባባሉ አንዲት የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሰው እየገፋች ገባች። «ረፊቅ! ካርዴን ቶሎ፤ ልጁ እንደ እሳት ይፋጃል!» አለችና ፖሊሶቹን አየች። «እናንተም ልታስቀምጡ መጣችሁ? ተሰለፉ።»

ክዌት የካርዱን ፎቶ ከሴትየዋ ፊት ጋር አመሳከረና ሰጣት። እስከ ቀትር ድረስ የካርዶቹን ባለቤቶች ሲያፈላልጉ ዋሉ፤ ያገኟቸው ሁሉ በሕይወት ያሉ፣ ስለ ረፊቅም ክፉ የማይናገሩ ሆኑ። የጆሴፍ ካርድ ካዝናው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ልጁ በተወለደበት ሳምንት ደግሞ ረፊቅ ካምፓላ መድኃኒት ሲገዛ ነበር፤ ፓስፖርቱ ላይ የኒሙሌ ድንበር ማኅተም አለ።

«ኢንስፔክተር» አለ ረፊቅ ሲወጡ፣ «በሷ ፋንታ እኔን ይሰሩኝ። እኔ ክኒን ሻጭ ነኝ፤ ክኒን ማንም ይሸጣል። የሷን ሥራ ማን ይሠራዋል?»

*

አቾል የምትኖረው ሎሎጎ ሰፈር ነው፤ በቀርከሃ አጥር የታጠረ ንጹሕ ግቢ ውስጥ። ልጁን ታቅፋ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ክሪስቲን በቦር ሰዎች ቋንቋ ሰላምታ ስትሰጣት ፊቷ ፈታ አለ።

«የኛ ሰው ነሽ! ተቀመጪ። የመጀመሪያው ነው፣ እዪው፣ አባቱን አይመስልም?»

«አባቱ ማን ነው?»

«ጆሴፍ ነዋ።»

«ጆሴፍ ሞቷል።»

«አዎ» አለች አቾል፣ ምንም ሳይከብዳት። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ «አንቺስ የማን ሚስት ነሽ?»

ክዌት አጥሩ አጠገብ ሆኖ ሳለው።

«ባሌ ሞቷል» አለች ክሪስቲን።

«ልጅ ቀርቶልሻል?»

«አልቀረልኝም።»

አቾል የልጁን ፊት በነጠላው ጫፍ ሸፈነችው። ከዚያ በኋላ ክሪስቲን ለጠየቀቻት ሁሉ ዝም አለች። ማን አመጣሽ? ዝም። ሌላ ባል አግብተሻል? በዚህ ጊዜ ብቻ «እንዴት ተደርጎ!» አለች፣ ተቆጥታ። ክሪስቲን ዝምታውን የጥፋተኛ ዝምታ አድርጋ ያዘችው።

ወደ መኪናው ተመልሰው ሲነሡ ክዌት መሪውን እንደያዘ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማዳም፣ በዚያ ቤት አሮጊት የለችም? አሮጊት ብትጠየቅ ጥሩ ነበር።»

«አሮጊት ስለ ልጅ አባት ምን ታውቃለች?»

«እንዲያው ነው» አለ ክዌት። ሳይቀልድ የነዳበት የመጀመሪያ ቀን ነበር።

ክሪስቲን ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። ሚስቲቱ ሞቱን ታምናለች፣ ልጁ ግን የሱ ነው ትላለች። ምናልባት ሰውየው አልሞተ ይሆን? በዚያ ታኅሣሥ የሞቱት ሁሉ የተቀበሩት በስማቸው አይደለም፤ ሞቱ ተብለው የተገኙም ነበሩ። ይህን ሐሳብ ከሚገባው በላይ ይዛው አደረች። ረቡዕ ዕለት የጆሴፍ የሥራ ባልደረባ የነበረውን አክዋይን ጉምሩክ ቢሮ ሄዳ አገኘችው።

«እርግጠኛ ነህ? ፊቱን አይተሃል?»

አክዋይ እጆቹን ዘርግቶ አሳያት። «ኢንስፔክተር፣ ዓይኑን የከደንኩት በነዚህ ነው። አፈርም ያለበስኩት በነዚሁ። ደጋግመው የሚጠይቁኝ ለምንድነው?»

ለሦስተኛ ጊዜ መጠየቋን ያን ጊዜ አወቀች። ይቅርታ ጠይቃ ወጣች።

*

ረጅሙን ወጣት ያገኙት ሐሙስ ጠዋት ኮንዮ ኮንዮ፣ ሽንኩርት ከጭነት መኪና ሲያወርድ ነው። ማጆክ ይባላል። የጆሴፍ ታናሽ ወንድም ነው።

«አቾልን ክሊኒክ ያደረስካት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጅ አለህ?»

«የለኝም። ገና አላገባሁም፤ የጥሎሹን ከብት ማን ሰጥቶኝ!»

ሽንኩርት የሚያወርዱት ጓደኞቹ ሳቁ። ክሪስቲን አልሳቀችም።

«ከአቾል ጋር ትኖራለህ?»

«ወንድሜ ቤት እኖራለሁ።»

«ልጁ የማን ነው?»

«የጆሴፍ።»

«ማጆክ፣ ወንድምህ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አንዲት አሮጊት አዋላጅ በዚህ ውሸት ታስራለች። ገብቶሃል?»

ወጣቱ ዓይኗን ትክ ብሎ አየ። ብዙ ውሸታም መርምራለች፤ ውሸት ሲዋሽ አንገት ላይ፣ ከንፈር ላይ፣ እጅ ላይ አንድ ነገር ይታያል። እዚህ ምንም የለም። «አልዋሸሁም» አለ። ከዚያ ክዌትን አየው፣ እርዳኝ በሚል ዓይን። ክዌት ጫማውን አየ።

«አሁን ላስርህ እችላለሁ» አለች ክሪስቲን። «አዋጁ ይፈቅድልኛል።»

«እሰሪኝ። ሲስተሯን ግን ልቀቋት። ልጃችንን በሰላም ነው የሰጠችን።»

አላሰረችውም። ክዌትን ገበያው ውስጥ ትታ በቦዳቦዳ ብቻዋን ወደ ሎሎጎ ሄደች። ክዌት ያነሣት አሮጊት ትዝ አለቻት።

*

የጆሴፍ እናት ከዘመድ ቤት ተመልሳ፣ ልጁን ጭኗ ላይ አጋድማ ዘይት ትቀባው ነበር። ማን እንደመጣ በደንብ አታይም፤ ዓይኗ ደክሟል። ክሪስቲን ፖሊስ መሆኗን ነገረቻት። ስለ ራሷ ሌላ ምንም አላለችም።

«እናቴ፣ ይህ ልጅ የማን ነው?»

«የጆሴፍ ነው። የበኩር ልጄ ልጅ።»

«ጆሴፍ ከሞተ በኋላ እንዴት ወለደ?»

አሮጊቷ ሳቀች። ሳቋ ፌዝ አልነበረበትም፤ ለሕፃን ጥያቄ እንደሚሳቀው ነበር። «ከተማ ነው ያሳደጉሽ፣ አይደል? ሰውየው ሞተ እንጂ ቤቱ ሞተ እንዴ? ለአቾል ከብት የሰጠንላት ለጆሴፍ ነው። የጆሴፍ ሚስት ናት፤ እስክትሞት የሱ ናት። ልጄ ያለ ስም እንዳይቀር ታናሹ ወደ ወንድሙ ቤት ገባ። ማጆክ ዘሩን ሰጠ፤ ልጁ ግን የታላቁ ነው። ነገ ይህን ልጅ የሚጠሩት ‹የጆሴፍ ልጅ› ብለው ነው። ማጆክ ‹የኔ› ቢል ወንድሙን ሰረቀው ማለት ነው፤ እንኳን ሊለው፣ ሰው ፊት አያቅፈውም።»

 ክሪስቲን ልማዱን አታውቀው ኖሮ አይደለም። ያለፈው ዓመት ዝናብ መግቢያ ላይ የባሏ ታናሽ ወንድም ከቦር መጥቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በሯ ላይ ቆሞ ነበር። ለምን እንደመጣ ሳይናገር ገብቷት፣ ግባ አላለችውም። እስኪመሽ ቆሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ይህን ልማድ ከምታስባቸው ነገሮች መካከል አውጥታዋለች፤ ስላወጣችው ደግሞ ፊቷ ተቀምጦ አላየችውም።

«ቀድሞ ለምን አልነገራችሁኝም? አቾል ለምን ዝም አለች?»

«ማክሰኞ የመጣችው ፖሊስ አንቺ ነሽ?» አሮጊቷ እጇን ዘርግታ የክሪስቲንን ጉልበት ነካች። «ነግራኛለች። ባሏ ሞቶ፣ ስሙን የሚያስጠራ የሌላት ሴት መጣች አለችኝ። እንዲህ ያለች ሴት ፊት የራስን ልጅ አባት ማውራት ነውር ነው፤ ቁስል ላይ ጨው ነው። ስለ አንቺ ብላ ነው ዝም ያለችው።»

ልጁ አለቀሰ። አሮጊቷ መልሳ ዘይቱን ያዘች።

ክዌት ፒካፑን ይዞ አጥሩ ውጭ ደርሶ ነበር። ክሪስቲን ገብታ በሩን ዘጋች።

«ታውቅ ነበር።»

«ማዳም...»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ታውቅ ነበር።»

ክዌት መሪው ላይ ተደገፈ። «ቢሮው ሁሉ ያውቃል። መዝገቡ ሲመጣ ገና፣ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ አወቅነው። ግን ማን ይንገርዎት? የባልዎ ወንድም መጥቶ በር ላይ መቆሙን ሰምተናል። ‹ማዳም፣ ይህ እኮ እርስዎ እምቢ ያሉት ነገር ነው› ብዬ እኔ ልናገር? ማሌሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ራሳቸው ይደርሱበታል አልኩ።»

«እኔ እስክደርስበት እትዬ ዘኪያ ሲሚንቶ ላይ ተኛች።»

«አዎ» አለ ክዌት። ሞተሩን አስነሣ።

*

ዘካርያስ የጻፈችውን ሪፖርት ቆሞ አነበበው። «‹የልጁ አባት ሟቹ ጆሴፍ ነው።› ክሪስቲን፣ ዐቃቤ ሕጉ ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። የአገሩ ሕገ መንግሥት የየሕዝቡን ልማድ ያከብራል። በልማዱ አቾል አላገባችም፤ ዛሬም የጆሴፍ ሚስት ናት፣ ልጁም የጆሴፍ ነው። ሚስት ከሆነች በፈንዱ ደንብ መታከም መብቷ ነው። ወንጀል የለም።»

«እኔ ይህን ከናቴ ጡት ጋር ነው የጠጣሁት፤ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ካወቁ ሴትዮዋን ለምን አሳሰሩኝ?»

ኮሎኔሉ ተቀመጠ። ሳቁ ጠፍቷል። «እኔ አውቃለሁ፤ አዋጁ አያውቅም። ጻፉልን ያልናቸው ሰዎች ስለ ሞተ ሰው ልጅ አልሰሙም። እኔ መዝገቡን ብዘጋው ‹የቦር ሰው ስለሆነ ለወገኑ አዳላ› ይሉኛል። ፈንዱን ለዘረፉት በር ይከፈታል፤ ነገ ሌባው ሁሉ ‹ልማዴ ነው› ይላል።»

«በየመዝገቡ ሄጄ እጠይቃለሁ። ሥልጣኑን የሰጡኝ ለዚህ አይደል?»

ሪፖርቱን መለሰላት። «እንግዲያው ስምሽን ከሥሩ አድርጊ። የኔ አይገባበትም።»

ፈረመች። ዓርብ ጠዋት ዐቃቤ ሕጉ አልሳቀም፤ ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ሌላ ሰው ጠርቶ አማክሮ፣ ክሱን ተወው።

ዘኪያ ስትፈታ ረፊቅ መኪና ይዞ በር ላይ ይጠብቃት ነበር። ክሪስቲን እስከ ደጁ ሸኘቻት፤ የሆነውንም ሁሉ በአማርኛ ነገረቻት። ዘኪያ አዳምጣ ስትጨርስ አንገቷን ነቀነቀች።

«እጁን ወደ ኋላ ያደረገው ለዚህ ነው። አይ፣ ምነው ያኔ ባወቅሁ፤ ለአያቲቱ እሰጠው ነበር።»

«የክሊኒኩን ማኅተም ዛሬ አነሣለሁ። ነገ ሥራዎን ይጀምራሉ።»

«አልጀምርም፣ ልጄ። ረፊቅ የጅማ ትኬቴን ቆርጦልኛል።»

«ነፃ ነዎት እኮ። ማንም አይነካዎትም።»

«አውቃለሁ። አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ፤ አልተቀየምኩሽም። ግን ትናንት እዚያ ክፍል ሆኜ አሰብኩት። ከእንግዲህ ምጥ የያዛት በሬን ስታንኳኳ፣ መጀመሪያ የማየው ካርዷን ነው። ‹ባልሽ አለ? ማስረጃው?› እላለሁ። ፈርቻለሁ፣ ገባሽ? እኔ ካርድ ሳገላብጥ ልጅ መሬት ይወድቃል። እንዲህ ሆኜ ማዋለድ አልችልም።»

 ዘኪያ የክሪስቲንን ሁለት ጉንጭ ስማ መኪናው ውስጥ ገባች።

ክሊኒኩ ከሰኞ ጀምሮ ክፍት ነው። ረፊቅ የወባ ክኒንና የሳል ሽሮፕ ይሸጥበታል። የአቾል ልጅ በካርዱ ክትባቱን ጀምሯል። ምጥ የያዛቸው ሴቶች አሁንም ከጀበልም ከሎሎጎም ይመጣሉ፤ በሩ ላይ የቆመው ሠራተኛ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ ያሳያቸዋል። አዋላጅ የለም።